የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ
(መጻሕፍትንና ተራሮችን በስምና በቍጥር ስለ መዘገበው ሊቅ)

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ልጅ በተወለደለት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስብለት ነገር ስም ማውጣት ነው። ስም የሌለው ልጅ ተጠርቶ አይመጣም፤ ቢጠፋም ማን ጠፋ ተብሎ አይፈለግም። ይህም በሰው ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። መጽሐፍም፣ ተራራም፣ ወንዝም ስሙ በትክክል ካልተመዘገበ በዓይናችን ፊት እያለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። በዛሬው ዘመን ደግሞ በኮምፒዩተር ውስጥ የምናስቀምጠው ጽሑፍና ፎቶግራፍ ሁሉ ተፈልጎ የሚገኘው በስሙ ነው።

በዚህ ዓመት በኮምፒዩተር ትምህርት ስለ ፋይል ስምና ከነጥብ በኋላ ስለሚጻፈው ቅጥያ ተምረናል። ብዙዎቻችን ይህን ትምህርት ቀላልና ጥቅሙ ጥቂት አድርገን እናየዋለን። ዳሩ ግን ኮምፒዩተር ሳይታሰብ፣ ዛሬ 180 ዓመት ያህል ሆኖታል፣ በከተማችን በጎንደር ተቀምጦ ይህንኑ ሥራ በቀለምና በወረቀት የሠራ አንድ ሰው ነበረ። ከሠራው መልካም ሥራም ሆነ ከተሳሳተው ስሕተት የምንማረው ብዙ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ ለመጽሔታችን አንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

አንቷን ዳባዲ በጃንዋሪ 3 ቀን 1810 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ላይ ከሚኖረው ከባስክ ሕዝብ የተወለደ ሲሆን፣ እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። አርኖ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ በ1815 ዓ.ም. ተወለደ። ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ፣ አንቷን ትምህርቱን በዚያ ተማረ።

የባስክ ቋንቋ በዙሪያው ካሉት ቋንቋዎች ከአንዱም ጋር የማይዛመድ፣ የሚናገረውም ሕዝብ ቍጥሩ ጥቂት የሆነ ቋንቋ ነው። አንቷን የአባቱ ቋንቋ እንዳይጠፋ አጥብቆ ያስብ ስለ ነበረ፣ በ1836 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛው ጋር ስለ ባስክ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 26 ዓመት ብቻ ነበር። ጥቂት ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ካልተጻፈና ካልተመዘገበ እንደ ጉም ተንኖ ይጠፋል የሚለው አሳብ ከልጅነቱ ጀምሮ ከልቡ ሳይወጣ ኖረ።

ከዚህ በኋላ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ መሬት የመግነጢስ ኀይል እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ እንደ ተመለሰ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲያስብ ወደ ነበረበት ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ተነሣ።

ወደ ጎንደር መምጣቱ

ሁለቱ ወንድማማች በፌብሩዋሪ ወር 1838 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሱ። ይህም በእኛ አቈጣጠር 1830 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያም የትግራይን ተራሮች ተሻግረው በሜይ ወር ጎንደር ገቡ።

በዚያን ጊዜ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። ንጉሡ በጎንደር ግንብ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። የየጁው ራስ አሊ በደብረ ታቦር ሆነው ያዝዙ ነበር፤ ስሜንንና ትግራይን ደጃዝማች ውቤ፣ ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ በጦርና በሽፍታ የተቸገረ ነበር። ይሁን እንጂ ጎንደር የሊቃውንት ከተማ መሆኗ ገና አልቀረም። በየደብሩ የዜማ፣ የቅኔና የትርጓሜ መምህራን ነበሩ፤ ቍም ጸሓፊዎችም ብራና ዳምጠው መጽሐፍ ይጽፉ ነበር።

ሊቅ አጽቁ የተባሉ የጎንደር አዋቂ እንግዶቹን በመልካም አቀባበል ተቀበሏቸው። አንቷን ከእኒህ ሰውና ከሌሎችም ሊቃውንት ብዙ ትምህርት አገኘ። ሆኖም ያመጣቸው የመለኪያ መሣሪያዎች ለአሰበው ሥራ የሚበቁ ሆነው ስላላገኛቸው፣ የተሻሉ መሣሪያዎች ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመልሶ እንደ ገና መጣ። ከአገራችን ጨርሶ የወጣው በ1848 ዓ.ም. ነው። የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ አማርኛና ግእዝ ተምሮ ከሰው ጋር ኖረ። ወንድሙ አርኖ ወደ ደጃዝማች ጎሹ ሄዶ በጦር ሜዳ ሲውል፣ አንቷን ግን ጊዜውን በመለካትና በመጻፍ አሳለፈ።

ተራሮችን መመዝገቡ

አንቷን ዳባዲ በመጀመሪያ ያሰበው ሥራ የከፍተኛውን አገር ካርታ በትክክል መሥራት ነበር። ለዚህም ቴዎዶሊት በሚባል ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ይሠራ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች እያነጣጠረ የእያንዳንዱን ማዕዘን ይጽፋል። ከዚያም ወደ ሌላ ኮረብታ ሄዶ እነዚያኑ ተራሮች እንደ ገና ይለካል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የተራራው ቦታ ይሆናል ማለት ነው። ከፍታውን ለማወቅም ውሃ በስንት ሙቀት እንደሚፈላ ይመለከት ነበር። ቦታው ከፍ ባለ መጠን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በጎንደር የሚፈላው 93 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ነው። በስሜን ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል ሲል እናቶቻችን የሚያዩት ነገር ምክንያቱ ይኸው ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ችግር ማዕዘኑን መለካት ብቻ አልነበረም፤ ስሙን ማወቅም ነበር። ከመጀመሪያው ኮረብታ የታየው ተራራና ከሁለተኛው ኮረብታ የታየው ተራራ አንድ መሆናቸው ካልታወቀ ሒሳቡ በሙሉ ይፈርሳል። የስሜን ተራሮች ደግሞ ከደባርቅ በኩል ሲታዩና ከጃናሞራ በኩል ሲታዩ መልካቸው ይለያያል፤ አንዱ ጫፍም ከማዶና ከወዲህ በሚኖረው ባላገር ዘንድ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የአገሩን ሰዎች እየጠየቁ ስሙን ከማዕዘኑ ጋር አጣምሮ መጻፍ ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ዓይነት በመቶ የሚቈጠሩ ቦታዎችን ለክቶ፣ ሒሳቡን ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሠርቶ፣ ከ1860 እስከ 1873 ዓ.ም. ድረስ ከነካርታው አሳተመው። ዛሬ 4,550 ሜትር ያህል መሆኑ የታወቀው ራስ ደጀንም ከመዘገባቸው ተራሮች አንዱ ነው።

መጻሕፍትን መሰብሰቡ

ከተራሮቹ ይልቅ ስሙን ያስጠራለት ግን የመጻሕፍት ሥራው ነው። አንቷን ዳባዲ በጎንደርና በሌላም አገር እየተዘዋወረ የብራና መጻሕፍትን አንዳንዱን በገንዘብ ገዛ፤ አንዳንዱንም በቍም ጸሓፊ አስገለበጠ። በትግራይ በአጋሜ አውራጃ በሚገኘው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም መጽሐፈ ሄርማን አግኝቶ ስላስገለበጠ፣ በ1860 ዓ.ም. በላይፕሲክ ከተማ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመው። ይህ መጽሐፍ በጥንቱ የክርስትና ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ ሲሆን፣ አባቶቻችን በግእዝ ጠብቀውት ኖረዋል። እንዲሁም ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን መጽሐፈ ኩፋሌን በ1859 ዓ.ም. በግእዝ ባሳተመ ጊዜ ከተመለከታቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱ የዳባዲ ነበር።

እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስቡልኝ እወዳለሁ። የዛሬ መጽሐፍ ስሙ በልባሱ ላይ በትልቅ ፊደል ይታተማል። የብራና መጽሐፍ ግን እንዲህ አይደለም። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም በቆዳ የተለበጠ ጣውላ ነው፤ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀልም ዳዊቱን ከገድሉ፣ ስንክሳሩን ከተአምሩ ለይቶ የሚያውቀው ቄሰ ገበዙ ብቻ ነው። ተገልጦም ሲነበብ አብዛኛው በሥላሴ ስም ስለሚጀምር ጥቂት መሥመር ዘልቀው ካላነበቡ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከዚህም በላይ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሁለትና ሦስት ድርሰት ተጠርዞ ይገኛል። አንዱ መጽሐፍም በልዩ ልዩ ደብር ብዙ ቅጂ አለው። እንግዲህ መጽሐፉን ገድለ ተክለ ሃይማኖት ብሎ መጥራት ብቻ የትኛው እንደ ሆነ አያስታውቅም።

አንቷን ዳባዲ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ጥራዝ አንድ ቍጥር ሰጠው። ከቍጥሩ ቀጥሎ የመጽሐፉን ስም፣ መጠኑንና በውስጡ ያለውን ጻፈ። በ1859 ዓ.ም. በፓሪስ ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ 234 ቍጥሮች ይገኛሉ። ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ያንኑ ስብስብ እንደ ገና መርምሮ ሌላ ዝርዝር አሳትሟል፤ ነገር ግን የዳባዲ ቍጥር ዛሬም አልተሻረም። በዓለም ላይ ያሉ የግእዝ ተማሪዎች ሁሉ የዳባዲ ስብስብ ቍጥር ይህን ያህል ብለው ሲጽፉ አንድ ጥራዝ ብቻ ይጠቁማሉ፤ ሌላ አይሆንም። ስለ መጽሐፉ የተጻፈው ትንታኔ ሊታረም ይችላል፤ ቍጥሩ ግን አይለወጥም። የስብስቡ ጥበብ በዚህ ነው።

ከኮምፒዩተር ትምህርታችን ጋር ያለው ግንኙነት

ኮምፒዩተርም እንደ ዕቃ ቤት ነው። ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ማኅደር ብንለው ከአባቶቻችን ቃል አንርቅም፤ በመሥሪያ ቤትም የሰው ወረቀት የሚጠራቀምበት ነገር ማኅደር ይባላልና። እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ክፍል ያለው ስም አለው። ከነጥቡ በፊት ያለው የራሱ መጠሪያ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ ደግሞ የፋይሉን ዓይነት ይናገራል፤ ቲኤክስቲ ከሆነ ተራ ጽሑፍ፣ ጄፒጂ ከሆነ ፎቶግራፍ፣ ፒዲኤፍ ከሆነ ለኅትመት የተሰናዳ ገጽ ነው። ኮምፒዩተሩም በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ቅጥያውን አይቶ ነው።

በክፍላችን የምንማረው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስምንና ቅጥያን የሚለይ ስፕሊትኤክስት የሚባል ትእዛዝ አለው። ይህ ትእዛዝ ስሙን የሚቈርጠው በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው። ለምሳሌ ሥላሴ.ገድል.004.ጄፒጂ የሚል ስም ቢሰጡት፣ በአንድ ወገን ሥላሴ.ገድል.004፣ በሌላው ወገን .ጄፒጂ ብሎ ይከፍለዋል። ይህን ያላወቀ ተማሪ ይሳሳታል። እኛ በአማርኛ ቅዱስ የሚለውን ቃል አሳጥረን ቅ. ብለን እንጽፋለን፤ እንግዲህ አንድ ሰው ፋይሉን ቅ.ገብርኤል ብሎ ቢሰይመውና ቅጥያ ባይጨምርበት፣ ፓይተን ስሙን ቅ፣ ዓይነቱን ገብርኤል አድርጎ ይቈጥረዋል ማለት ነው። ስለዚህ በፋይል ስም ውስጥ ነጥብን ለቅጥያው ብቻ መተው ይሻላል።

ሌሎችም ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ኮምፒዩተር የፋይል ስሞችን በፊደል ተራ ሲደረድር፣ ቍጥሩን እንደ ፊደል የሚቈጥር ፕሮግራም 10ን ከ2 ያስቀድማል፤ ስለዚህ 002፣ 010 ብሎ ዜሮ እየጨመሩ መጻፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ ለእኛ ሥላሴና ስላሴ፣ ጸሎትና ፀሎት በንባብ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዱ ተማሪ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ቢጽፍ የአንዱ ደብር ፎቶግራፎች ተበታትነው ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጦ እሱን ብቻ መያዝ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና የሚያስፈራው ነገር ይህ ነው፤ በፕሮግራም የብዙ ፋይሎችን ስም ስንለውጥ ለሁለት ፋይሎች አንድ ስም ብንሰጥ፣ በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለተኛው የፊተኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይደመስሰዋል። የሌላውን ስም መውሰድ የሌላውን ሕይወት መውሰድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ስም ከመለወጥ በፊት ያ ስም ተይዞ እንደ ሆነ መጠየቅና ቅጂ ማስቀረት የፕሮግራም ጸሓፊ ሁሉ ግዴታ ነው።

የነጭ ዓባይ ስሕተት

አንቷን ዳባዲ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ሆኖ ሳለ አንድ ትልቅ ስሕተት ተሳሳተ። በ1843 ዓ.ም. ወደ እናርያና ወደ ከፋ ተጕዞ ነበር። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ ከወንድሙ ጋር ወደ እናርያ ተመልሶ የግቤን ወንዝ ምንጭ አየ። በዚያን ዘመን የነጭ ዓባይ ምንጭ የት እንደ ሆነ የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ ይፈልጉ ስለ ነበረ፣ ዳባዲ ይህ ወንዝ ነጭ ዓባይ ነው፣ ምንጩንም አገኘን ብሎ ለዓለም አስታወቀ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቤክ አጥብቆ ተቃወመው፤ ክርክሩም በጋዜጣና በመጽሐፍ ለብዙ ዓመታት ቈየ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እንግሊዛዊው ስፒክ በ1862 ዓ.ም. ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። የግቤ ውሃ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚፈስ ደግሞ የጣሊያናዊው የቦተጎ ጉዞ በ1896 ዓ.ም. አረጋገጠ። ቦተጎ በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር በጦርነት ሞተ፤ ዳባዲም በዚያው ወር አረፈ።

የዚህ ነገር ትርጕም ለእኛ ግልጽ ነው። ዳባዲ የግቤን ምንጭ በዓይኑ አይቷል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። የተሳሳተው ወንዙ ሄዶ የሚገባበትን ሳያይ ስም ስለ ሰጠው ነው። ወንዙም ነጭ ዓባይ ስለ ተባለ መንገዱን አልለወጠም። በኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። የአንድን ፎቶግራፍ ቅጥያ ፍቀን ቲኤክስቲ ብለን ብንጽፍበት ፎቶግራፉ ጽሑፍ አይሆንም፤ ውስጡ እንደ ነበረ ይኖራል፤ የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ተታልሎ ትርጕም የሌለው ምልክት ያሳየናል። ስም የነገሩ ምስክር ነው እንጂ ነገሩን አይፈጥረውም። ሐሰተኛ ምስክር ደግሞ ከዝምታ የከፋ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ዳባዲ ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ቪርዢኒ ደ ሴን ቦኔ የምትባል ሴት አገባ። በባስክ አገር በአንዳይ ከተማ አጠገብ፣ በባሕር ዳር ትልቅ ግንብ አሠራ። የግንቡን ንድፍ ያወጣው ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው ስመ ጥሩ የፈረንሳይ መሐንዲስ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች ተሥለዋል፤ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋርም በአገራችን ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ይገኝባቸዋል። በዚሁ ግንብ ውስጥ ከዋክብት የሚታዩበት ቤትና የመጻሕፍት ቤት አሠራ። ከ1850ዎቹ ዓመታት ጀምሮም በባስክ ቋንቋ ግጥም ለሚጽፉ ሰዎች ሽልማት ይሰጥ ነበር።

በ1881 ዓ.ም. ከጎንደር ዘመኑ ጀምሮ ሲሰበስበው የኖረውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በፈረንሳይኛ የተተረጐመው ይህ መጽሐፍ ከቀደሙት ትላልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አንዱ ነው። በ1882 ዓ.ም.፣ ዕድሜው 72 ሆኖ ሳለ፣ ዝሁራ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት እስከ ሃይቲ ደሴት ድረስ ሄደ። በ1892 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚደንት ሆነ።

ልጅ ስላልነበረው ግንቡንና መሬቱን ለሳይንስ አካዳሚ በኑዛዜ ሰጠ። ነገር ግን አንድ ግዴታ አስገባበት፤ ይኸውም አካዳሚው በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ነው። በጎንደር መጻሕፍትን፣ በስሜን ተራሮችን፣ ከሊቃውንት ቃላትን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ሊሞት ሲል ከዋክብትን ለማስመዝገብ መመኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ከእሱ በኋላ በዚያ ቤት የተሾሙ ካህናት ለብዙ ዓመታት የከዋክብትን ቦታ እየለኩ መዝግበዋል። ዳባዲ በማርች 19 ቀን 1897 ዓ.ም. በፓሪስ አረፈ፤ የተቀበረውም በዚሁ ግንብ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው።

የሰበሰባቸው መጻሕፍት በ1902 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት

እዚህ ላይ የጎንደር ልጅ የሆነ ሁሉ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። የአባቶቻችን መጻሕፍት ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር መኖራቸው መልካም ነውን? በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ በጦር ኀይል የተወሰዱትን መጻሕፍት ስናስብ ልባችን ያዝናል። ዳባዲ የወሰዳቸው በግዢና በማስገልበጥ ስለ ሆነ ከዚያ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ቢሆንም በገንዘብ የተገዛውም ቢሆን አንድ ጊዜ ከደብሩ ከወጣ በኋላ ካህኑ ሊያነብበው፣ ተማሪው ሊማርበት አልቻለም። ይህን ጕዳት መካድ አይቻልም።

ዳሩ ግን ሌላም እውነት አለ። ዛሬ የፓሪሱ ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን በፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት ስላወጣቸው፣ አንድ ተማሪ ጎንደር ተቀምጦ ገጹን እየገለጠ ሊያነብ ይችላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የመጽሐፉን ቍጥር ማወቅ ነው። ስለዚህ ስምና ቍጥር ያለው መጽሐፍ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቆም ቢሆን ተጠርቶ ይመጣል። ስምና ቍጥር የሌለው ግን በጎረቤታችን ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ሆኖ እንኳን አይገኝም፤ ቢሰረቅም የእኛ ነው ብሎ ለማስመለስ ማስረጃ የለም።

አገራችንም ይህን አልዘነጋችም። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የማይክሮፊልም ሥራ በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ እያነሣ ለእያንዳንዱ ቍጥር ሰጥቷል። ነገር ግን ያልተመዘገበው ገና ብዙ ነው። ዛሬ በየእጃችን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ስላለ፣ ብዙ ወጣቶች በክብረ በዓል ቀን የደብራቸውን መጽሐፍና ሥዕል ያነሣሉ። ሥራው መልካም ነው። ሆኖም ስልኩ ለፎቶግራፉ የሚሰጠው ስም የተነሣበት ቀን ወይም ተራ ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የትኛው ገጽ ከየትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው ደብር እንደ ሆነ አንሺው ራሱ ይረሳዋል። ያ ፎቶግራፍ ከዚያ በኋላ መልክ አለው እንጂ ወገን የለውም።

እንግዲህ የተከበራችሁ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ክረምት በየደብራችን አለቃውንና ቄሰ ገበዙን አስፈቅደን፣ መጻሕፍቱን ሳንጐዳና ከቦታቸው ሳናነሣ ዝርዝር እንጻፍ። አስቀድመን የደብሩን ስም፣ ቀጥለን የመጽሐፉን ቍጥር፣ ከዚያ የገጹን ቍጥር በሦስት አኃዝ እንጻፍ፤ ቅጥያውን እንዳለ እንተወው። የመጽሐፉን ስም ከማስገባታችን በፊት የሚያውቁትን መምህር እንጠይቅ፤ ያልታወቀውን አልታወቀም ብለን እንጻፍ እንጂ በግምት ስም አናውጣለት። ዝርዝሩንም በደብሩ አንድ፣ በትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ክፍል አንድ ቅጂ እናስቀምጥ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም በዚህ ሥራ እንዲረዱን በአክብሮት እንለምናቸዋለን።

አንቷን ዳባዲ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ አሥር ዓመት የሚያህል ዕድሜውን የእኛን ተራሮችና የእኛን መጻሕፍት በመመዝገብ አሳለፈ። እኛ ግን ከቤታችን ሳንወጣ፣ እሱ ያላገኘውን መሣሪያ በኪሳችን ይዘን ተቀምጠናል። ከእሱ ያነሰ ሥራ ብንሠራ ምክንያት የምናቀርብበት ነገር የለንም።